የማይነገረው ሕመም፤ ሥር የሰደደ የሆድ ድርቀትና የአጥቢያ ኃላፊነት

በአንድ የገጠር ደብር የሚያገለግሉ አረጋዊ ቄስ እናስብ። ታሪኩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በብዙ አጥቢያ የሚታየውን ሰብስበን በእኚህ አባት ምሳሌነት እናቀርበዋለን። ዕድሜያቸው 65 ዓመት ደርሷል። ሌሊት ለማኅሌት ይነሣሉ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ያድራሉ፤ በጾም ወራትም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ እስኪፈጸም ድረስ ከቤተ ክርስቲያን አይለዩም። በደብሩ አካባቢ መጸዳጃ ቤት ስለሌለ ወደ ቤታቸው እስኪመለሱ ድረስ መታገሥን ልማድ አድርገዋል። በአገልግሎት መካከል እንዳይቸገሩ በማሰብ ማታ ማታ ውሃ መጠጣት ቀንሰዋል። ለጉልበታቸውና ለወገባቸው ሕመም ትራማዶል የተባለውን ማስታገሻ ይወስዳሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ የሚጸዳዱት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም በብርቱ ማማጥ ነው።

በቅርቡ ደግሞ ደም ማየት ጀመሩ። ደም እያዩ ወደ መቅደስ መግባት ኅሊናቸው አልፈቀደላቸውምና «አሞኛል» ከማለት በቀር ምክንያቱን ሳይናገሩ ከቅዳሴ ቀሩ። ምእመናኑ «አባታችን ደከሙ» አሉ። የደብሩ አስተዳዳሪም አዘኑ። ሕመሙ ምን እንደ ሆነ ግን ማንም አልጠየቀም፤ እርሳቸውም አልተናገሩም።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ስለዚህ ዝምታ ነው። ሥር የሰደደ የሆድ ድርቀት በአብዛኛው በሥርዓት ሊያዝና ሊቀል የሚችል ሕመም ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ያከብዱታል፤ አንደኛው እፍረት፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚጸዳዱበት ቦታ ማጣት ነው። ሁለቱም ከሐኪም ቤት ይልቅ በአጥቢያ ሊፈቱ የሚችሉ ናቸው። ስለሆነም የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት ጉዳዩን ተረድተው ለራሳቸውም ለምእመናንም እንዲጠቀሙበት በሚከተለው መልክ ቀርቧል።

የሆድ ድርቀት ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው በየቀኑ ያልተጸዳዳ ሁሉ የታመመ ይመስለዋል፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። የጤናማ ሰው ልማድ በቀን ከሦስት ጊዜ ጀምሮ በሳምንት እስከ ሦስት ጊዜ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ቀን አንድ ጊዜ፣ ያለ ሥቃይና ያለ ማማጥ የሚጸዳዳ ሰው ሕመምተኛ አይደለም። የሆድ ድርቀት የሚባለው በሳምንት ከሦስት ጊዜ በታች መጸዳዳት፣ ዓይነ ምድር መጠጠርና መድረቅ፣ ብዙ ማማጥ፣ ከተጸዳዱ በኋላም ገና እንዳልተጨረሰ ሆኖ መሰማት ነው። ከእነዚህ ምልክቶች ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት ለወራት ሲዘልቁ ሕመሙ ሥር ሰዷል እንላለን።

ሕመምተኛው ስለ ዓይነ ምድሩ ሁኔታ ለባለሙያ መናገር ሲኖርበት ቃል እንዳያጣ የሚረዳ ዘዴ አለ። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የሚገኙ ሐኪሞች በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሠንጠረዥ ዓይነ ምድርን በሰባት መልክ ከፍለውታል። እንደ ፍየል በጠጥ ተለያይቶና ጠጥሮ የሚወጣው የመጀመሪያው ነው፤ ተጣብቆ ግን ጎርበጥባጣ ሆኖ የሚወጣው ሁለተኛው ነው። እነዚህ ሁለቱ ድርቀትን ያመለክታሉ። ሦስተኛውና አራተኛው፣ ማለትም ለስልሶና ቅርጹን ይዞ የሚወጣው፣ የጤና መልክ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ተቅማጥ ያዘነበሉ ናቸው። «እንደ በጠጥ ነው» ብሎ ለነርሷ መናገር ብቻ እንኳ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

ለምን ይደርቃል?

የበላነው ምግብ በትንሹ አንጀት ከተፈጨና ጠቃሚው ክፍል ወደ ደም ከተወሰደ በኋላ ቀሪው ፈሳሽ ሆኖ ወደ ትልቁ አንጀት ይገባል። የትልቁ አንጀት ሥራ ከዚህ ቀሪ ውሃውን መጥጦ መውሰድ ነው። በመሆኑም ዓይነ ምድር በአንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውሃው እየተመጠጠ፣ እየደረቀና እየጠጠረ ይሄዳል። የሆድ ድርቀት መሠረቱ ይህ ነው፤ የቀሩት ምክንያቶች ሁሉ ዓይነ ምድሩን የሚያዘገዩ ወይም ውሃና ልስላሴ የሚያሳጡ ናቸው።

በእኛ ኑሮ ውስጥ ጎልተው የሚታዩት መንስኤዎች የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው ስሜትን ማፈን ነው። አንጀት ምግብ ወደ ሆድ በገባ ጊዜ፣ ይልቁንም ከቁርስ በኋላ፣ በተፈጥሮው ይንቀሳቀሳል፤ የመጸዳዳት ስሜትም ያን ጊዜ ይመጣል። ስሜቱ ሲታፈን ለጊዜው ያልፋል፤ ዓይነ ምድሩ ግን በቦታው ሆኖ ይደርቃል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የአንጀት መጨረሻ ክፍል እየሰፋ፣ ስሜቱም እየደነዘዘ ይሄዳል። መጸዳጃ ቤት በሌለበት ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጃገረዶች፣ ጨለማን ጠብቀው ካልሆነ ወደ ሜዳ የማይወጡ እናቶች፣ ረጅም ጉዞ የሚሄዱ ሾፌሮች፣ በደጀ ሰላም ውለው የሚያድሩ አገልጋዮች ሁሉ የዚህ ችግር ተጋሪዎች ናቸው።

ሁለተኛው የውሃና የአሰር ማነስ ነው። አሰር ወይም ፋይበር የሚባለው ሆድ የማይፈጨው የእህል፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ክፍል ሲሆን ውሃ ይዞ ዓይነ ምድርን ያለሰልሳል፣ መጠኑንም ያበዛል። በዚህ ረገድ የአብነት ተማሪዎች ሁኔታ ልዩ ትኩረት ይሻል። ቁራሽ ለምኖ ወይም ከቤቱ በተላከለት በሶና ድርቆሽ የሚኖር ተማሪ እህል ቢያገኝም አትክልትና በቂ ውሃ ብዙ ጊዜ አያገኝም፤ ቀኑን ሙሉም ተቀምጦ ይቀጽላል።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። ትራማዶል፣ ኮዴንና ሞርፊን የመሳሰሉ ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያሉ። ለነፍሰ ጡሮችና ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት እንክብል፣ ለደም ግፊት ከሚሰጡት አንዳንዶቹ፣ አሚትሪፕቲሊን የተባለው መድኃኒት፣ አሉሚኒየም ወይም ካልሲየም ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ይህን ያወቀ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ሊያቋርጥ አይገባም፤ ለሰጠው ባለሙያ ነግሮ እንዲለወጥለት ወይም ማለስለሻ እንዲታዘዝለት ማድረግ ይገባዋል።

አራተኛው ሌላ በሽታ ነው። የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀዝቀዝ፣ ፓርኪንሰን፣ የአከርካሪ ጉዳት፣ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ የአካል መዛል፣ የአንጀት ዕጢና ካንሰር በሆድ ድርቀት ሊገለጡ ይችላሉ። በአንዳንድ ሰዎች ደግሞ ዓይነ ምድሩ ሳይዘገይ ይደርሳል፤ ነገር ግን በሚያምጡበት ጊዜ መላላት የሚገባቸው በፊንጢጣ ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች በተቃራኒው ይጨበጣሉ። እንዲህ ላለው ሰው ጡንቻውን ማላላት የሚያስተምር ልዩ ልምምድ አለ፤ ምግብ ብቻውን አይበቃውም።

ጾምና የሆድ ድርቀት

ከምእመናን ዘንድ «ጾም ሆዴን አደረቀኝ» የሚል ቃል እንሰማለን። ነገሩን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የጾም ገበታችን ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ንፍሮና ተልባ የሞላበት ነው፤ በአሰር ከፍስክ ገበታ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ስለዚህ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከምግቡ ዓይነት ሳይሆን ከውሃውና ከሰዓቱ የሚመጣ ነው። እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ የቆየ ሰው ከዚያ በኋላ እንጀራ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ውሃ ሳይቀምስ ቢተኛ ሰውነቱ የጎደለውን ውሃ ከአንጀቱ ይመጥጣል።

መፍትሔው ጾሙን መተው አይደለም፤ ጾሙ ከተፈታበት ሰዓት ጀምሮ እስከ መኝታ ድረስ ያለውን ጊዜ በሚገባ መጠቀም ነው። በጾም መፍቻ ላይ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ከምግብ በኋላና በየሰዓቱ አንዳንድ ብርጭቆ እየጨመሩ በጠቅላላው ከስድስት እስከ ስምንት ብርጭቆ ማድረስ ይቻላል። ማለዳ የመጣውን ስሜት አለማፈንም እንዲሁ አስፈላጊ ነው። ሕመሙ የጸናበት፣ አረጋዊ የሆነ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት በየሰዓቱ የሚወስድ ሰው ግን ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ማቅረብ አለበት። ካህኑም የሐኪሙን ምክር ሰምቶ እንደ አቅሙ የሚጾምበትን መንገድ ሊያሳየው ይገባል። በሕመም ምክንያት የሚሰጥ ፈቃድ የጾምን ክብር የሚነካ አይደለም፤ ታማሚው ግን ብዙ ጊዜ ከካህኑ አፍ ካልሰማው አያምነውም።

ከሕመሙ ጋር እየኖሩ ማስተዳደር

ሥር የሰደደ የሆድ ድርቀት በአንድ ቀን መድኃኒት አይወገድም፤ የሚያዘው በየዕለት ሥርዓት ነው። ብዙ ሕመምተኞች ተስፋ የሚቆርጡት ለሦስት ቀን ሞክረው ለውጥ ስለማያዩ ነው፤ ለውጡ ግን ሳምንታትን ይጠይቃል።

ስለ ሰዓት፦ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት፣ ቢቻል ከመጀመሪያው ምግብ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ስሜት ቢኖርም ባይኖርም ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ፤ ከ10 ደቂቃ በላይ አለመቆየት፤ አለማስጨነቅ። አንጀት ልማድ ይማራል። ስሜት በሌላ ሰዓት ቢመጣም ሳይዘገዩ መሄድ ያስፈልጋል።

ስለ አቀማመጥ፦ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት የአንጀትን መውጫ ቀጥ ስለሚያደርግ ማማጥን ይቀንሳል። በወንበር መልክ በተሠራ መጸዳጃ የሚጠቀም ሰው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ዱካ ወይም ሳጥን ከእግሩ ሥር አድርጎ፣ ጉልበቱን ከዳሌው ከፍ፣ ደረቱን ወደ ፊት ዘንበል ቢያደርግ ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛል። ቁጢጥ ማለት ለማይችሉ አረጋውያን ደግሞ መቀመጫው የተበሳ ወንበር በጉድጓዱ ላይ ማስቀመጥ ቀላል መፍትሔ ነው፤ ማንኛውም አናጢ ሊሠራው ይችላል።

ስለ ምግብ፦ ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ያህል የተቀቀለ ድፍን ምስር ብቻውን 15 ግራም ገደማ ይሰጣል። የጤፍ እንጀራ፣ የገብስ በሶ፣ ባቄላና አተር፣ ጎመን፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን ከነሥጋው፣ ከነገለባው የተፈጨ ስንዴ ሁሉ ይረዳሉ። በአንጻሩ ነጭ ዱቄት፣ ፓስታና ነጭ ሩዝ ብቻ የሚበላ ሰው አሰር ያጣል። አዲስ አሰር መጨመር ግን ቀስ በቀስ፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ መሆን አለበት፤ በአንድ ጊዜ ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ሰውም ይተወዋል።

ስለ ተልባ፦ ከምናውቃቸው ምግቦች ሁሉ ለዚህ ሕመም የሚስማማው ተልባ ነው። አንድ ማንኪያ የተቆላና የተወቀጠ ተልባ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከዚያም ሌላ ብርጭቆ ውሃ መጨመር፤ እየተላመዱ ወደ ሁለት ማንኪያ ማሳደግ ይቻላል። ውሃ ያልጠገበ ተልባ ግን በአንጀት ውስጥ ተጋግሮ ችግሩን ሊያባብስ ይችላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በመድኃኒቱና በተልባው መካከል የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ልዩነት ይጠብቅ።

ስለ ውሃና እንቅስቃሴ፦ ሐኪም ስለ ልብ ወይም ስለ ኩላሊት ሕመም ያልከለከለው ሰው በቀን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ፈሳሽ ማግኘት ይገባዋል። ተቀምጦ የሚውል ሰው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቢራመድ አንጀቱም ይንቀሳቀሳል። ስግደት ለነፍስ የሚሆን ቢሆንም ለአካልም እንቅስቃሴ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ አቅም ለሌለው ሽማግሌ ግን በግቢው ውስጥ መመላለስ ይበቃዋል።

መድኃኒት መቼ?

ከላይ የተጠቀሰው ሥርዓት ለጥቂት ሳምንታት በትጋት ተሞክሮ ለውጥ ካልመጣ መድኃኒት መውሰድ ነውርም ስንፍናም አይደለም። መድኃኒቶቹ በሥራቸው ይለያያሉ። ላክቱሎስና ማግኒዚየም ያለባቸው መድኃኒቶች ውሃ ወደ አንጀት ስበው ዓይነ ምድሩን ያለሰልሳሉ፤ ላክቱሎስ ለመሥራት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈልጋልና በማግሥቱ አልሠራም ብሎ መጨመር አይገባም። ማግኒዚየም ለኩላሊት ሕመምተኛ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ቢሳኮዲል አንጀቱን ቀስቅሶ የሚያንቀሳቅስ ሲሆን ማታ የተወሰደው ጠዋት ይሠራል። ግሊሰሪን ደግሞ በፊንጢጣ የሚገባ ሆኖ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይረዳል።

ሆድን ለማጠብ ተብሎ ብርቱ የሚያስቀምጥ ነገር በየጊዜው መውሰድ ግን የሰውነትን ውሃና ጨው ያሟጥጣል፤ በተለይ ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችንና አረጋውያንን ይጎዳል። ኮሶም የኮሶ ትልን ለማስወጣት የታወቀ እንጂ ለሆድ ድርቀት የሚሆን አይደለም፤ መጠኑ ሲበዛ ይመርዛል።

ወደ ጸበል የሚሄዱ ሕመምተኞችም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ካህናት ደጋግመው ሊያስተምሩ ይገባል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመነ ፕትርክናቸው የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከጸበል ጋር ጎን ለጎን እንዲወሰድ ማስተማራቸው ይታወሳል። ያ ትምህርት ለዚህ ሕመምም ይሠራል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ወገኖች

ሕፃናት፦ አንድ ጊዜ በሥቃይ የተጸዳዳ ሕፃን ሁለተኛ እንዳያመው ስለሚፈራ እግሩን አጥብቆ ይይዛል። ዓይነ ምድሩ ይበልጥ ይደርቃል፤ ከጊዜ በኋላም ከጠጠረው ዙሪያ ፈሳሽ እያመለጠ ልብሱን ያበላሻል። ወላጆች እንደ ስንፍና ቆጥረው ይገርፉታል። ልጁ ግን ማመቅ ቢፈልግም አይችልም፤ የሚያስፈልገው ሕክምናና ትዕግሥት ነው።

ነፍሰ ጡሮች፦ በእርግዝና ወቅት አንጀት በተፈጥሮ ይዘገያል፤ የብረት እንክብሉም ይጨምርበታል። እንክብሉ የእናትንም የልጅንም ደም የሚጠብቅ ስለሆነ አይቋረጥም፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገር ይገባል።

አረጋውያንና የአልጋ ቁራኞች፦ በሽማግሌዎች ዘንድ ዓይነ ምድር በአንጀት መጨረሻ ተጋግሮ ሊዘጋ፣ በዙሪያው ግን ቀጭን ፈሳሽ ሊያልፍ ይችላል። ቤተሰብ ተቅማጥ መስሎት የሚያደርቅ መድኃኒት ቢሰጥ ሕመሙን ያብሳል። ብዙ ቀን ሳይጸዳዳ ቆይቶ በድንገት ፈሳሽ የሚያመልጠው፣ ሆዱ የተነፋ ሽማግሌ በባለሙያ እጅ ሊመረመር ይገባል። እንዲህ ላለው ሰው መጀመሪያ የተጋገረው ሳይወጣ ተልባና አሰር መጨመርም አይረዳም።

ፈጥኖ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

የሆድ ድርቀት በአብዛኛው ለሕይወት አያሰጋም። የሚከተሉት ሲታዩ ግን ነገሩ ይለወጣል፦

• በዓይነ ምድር ውስጥ ወይም ከዓይነ ምድር ጋር ደም መታየት፤ ወይም ዓይነ ምድር እንደ ሬንጅ መጥቆር፤
• ያለ ምክንያት መክሳት፣ የደም ማነስ፣ የማያቋርጥ ድካም፤
• ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ የመጸዳዳት ልማድ በአዲስ መልክ መለወጥ፤
• በቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር የነበረበት ሰው መኖር፤
• ከድርቀቱ ጋር የእግር መዛል ወይም ሽንት መቋጠር አለመቻል።

ከሁሉም በላይ፣ ሆድ በድንገት ተነፍቶ፣ ብርቱ ቁርጠትና ትውከት መጥቶ፣ ዓይነ ምድር ብቻ ሳይሆን አየርም መውጣት ካቆመ አንጀት ተዘግቶ ወይም ተጠማዝዞ ሊሆን ይችላል። የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የሚታይ ድንገተኛ ሕመም ነው። ያን ጊዜ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ሆነ ምግብ ሳይሰጡ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሕመምተኛውን ወደ ሆስፒታል ማድረስ ግድ ነው። እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

መጸዳጃ ቤት ይሥራ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቤቱ መጸዳጃ ቤት እንዲኖር ሲያስተምር ቆይቷል። ሕዝብ በብዛት የሚሰበሰብበት የቤተ ክርስቲያን አካባቢ ግን በብዙ ቦታ ወደ ኋላ ቀርቷል። የቅጽሩን ክብር ጠብቆ፣ ለወንድና ለሴት ተለይቶ፣ ከውስጥ የሚዘጋ በር ያለው፣ አረጋውያን የሚይዙት አግዳሚ እንጨት ያለው፣ ለማኅሌት አገልጋዮች ሌሊት መብራት የሚደረግለት መጸዳጃ ቤት ሊሠራ ይገባል። ጉድጓዱ ከውሃ ጉድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የጸበል ቦታ ባለበት ይህ ይበልጥ ይጠበቅ። የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ከሥራው ጋር አብሮ ይታሰብ፤ የሚያጸዳውም ሰው ከመጀመሪያው ይመደብ፣ ያለዚያ በዓመቱ ማንም የማይገባበት ይሆናል።

ስለ አብነት ተማሪዎች ያስብ። ለጉባኤ ቤቱ የተጣራ ውሃ የሚቀመጥበት በርሜል፣ ጥቂት የጎመንና የቃሪያ መደብ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ምስር ወይም ባቄላ ንፍሮ ማቅረብ ከብዙ አጥቢያ አቅም በላይ አይደለም። በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ቀንም ከዳቦው ጋር ንፍሮና የሚጠጣ ውሃ ይቅረብ።

ካህናት ይጠይቁ። በሽተኛ ሲጠይቁና ሲያናዝዙ «ሆድዎ እንዴት ነው? ውጭ መውጣት ይቸግርዎታል?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ በቂ ነው። ይህች ጥያቄ ከካህን አፍ ስትወጣ ሕመሙ የኃጢአት ምልክት ወይም የማይነገር ነውር አለመሆኑን ታስረዳለች። የሰማውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለ ሆኖ፣ አደገኛ ምልክት ያለበትን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ያበርታው፤ የሚሸኘው ከሌለ ሰው ያዝዝለት።

በመግቢያችን ወደ ጠቀስናቸው አባት እንመለስ። ነገሩን ያወቀው አንድ ወጣት ዲያቆን ነበር፤ በትሕትና ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም ነገሩት። ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ደም የታየው በዕድሜያቸው ስለ ሆነ ወደ ሆስፒታል ተልከው አንጀታቸው በካሜራ ታየ። ደሙ በማማጥ ብዛት ከመጣ ኪንታሮት ነበር። ማስታገሻቸው ተለወጠ፤ ላክቱሎስ ታዘዘላቸው፤ ማታ ማታ ውሃቸውንና ተልባቸውን ይጠጣሉ። ሕመሙ ፈጽሞ አልለቀቃቸውም፤ አንዳንድ ሳምንት ይከብዳቸዋል። ደሙ ግን ቆመ፤ ወደ ቅዳሴያቸውም ተመለሱ። ሰበካ ጉባኤውም ከቅጽሩ ውጭ በስተ ምዕራብ በኩል ሁለት ክፍል መጸዳጃ ቤት ሠራ። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ዋጋ አንድ ጥያቄ፣ ጥቂት እንጨትና ቆርቆሮ ነው።

ለሰበካ ጉባኤው የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ሌሊት የሚያገለግሉ ካህናትና ለበዓል የሚመጡ ምእመናን የት ይጸዳዳሉ? ሴቶችና አረጋውያንስ?
2. በጉባኤ ቤታችን ያሉ ተማሪዎች በቀን ምን ያህል የሚጠጣ ውሃ ያገኛሉ? ከየት?
3. በቅርብ ጊዜ ምክንያቱን ሳይናገር ከአገልግሎት የራቀ አባት ወይም እናት አለ? ማን ሄዶ ይጠይቀው?
4. በቀበሌያችን የምትሠራውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለሰንበት ጉባኤ ጋብዘን እናውቃለን? መቼ እንጋብዛት?
5. በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ውስጥ በራሳችን ጉልበትና ገንዘብ ልንፈጽመው የምንችለው አንድ ሥራ የትኛው ነው? ኃላፊውስ ማን ይሁን?